ደረጃ የሌለው ቤት

ቤታችን ደረጃ አልነበረውም። ሁለት ክፍልና አንድ ኩሽና ነው፤ ሁሉም መሬት ላይ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር። ከግቢ ወደ ቤት ሲገባ የሚረገጠው ደፍ እንኳ ከአንድ ጡብ አይበልጥም፤ እሱንም አባዬ በሳንቃ ለብጦት ስለነበር እግር አያደናቅፍም። አባዬ አናጺ ነው። እማዬ ቤት ተቀምጣ ልብስ ትሰፋለች። እኔ ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ የሰው ነገር መከታተል እወዳለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ እማዬ ስፌቷን ትተውና «ኮሌጅ ሥራ አለኝ» ብላ ትወጣለች፤ አመሻሹ ላይ ትመለሳለች። ምን ሥራ እንደሆነ ስጠይቃት ተማሪዎች እንደምታግዝ ትነግረኛለች። በምን እንደምታግዛቸው ስጠይቅ «በወሬ» ትላለች፤ አባዬም ይስቃል። ነገሩ ከዚህ አያልፍም ነበር።

አንድ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ የለም። የኩሽናው በር ተዘግቷል። ከውስጥ እማዬ ከሰው ጋር ስታወራ ሰማሁ፤ ድምጿ ግን የእሷ አይመስልም። ቀጠን ያለ፣ ግማሹ አፏ ውስጥ የሚቀር ድምፅ ነው።

«ደረጃ ላይ ወድቄ ነው፣ ዶክተር።»

ዝም አለች። የሚመልስላት ሰው የለም።

«የለም፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ይኸው ባለቤቴ ነው ያመጣኝ። ጥሩ ሰው ነው።»

እንደገና ዝም አለች። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ድምጿ ይበልጥ ወረደ።

«ለማንም እንዳይናገሩብኝ። እሱ ነው።»

በሩን ስከፍተው ኩሽናው ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ሽንኩርት እየላጠች ነው፤ ዓይኗ ቀልቷል። መቼ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፤ አሁን አልኳት። እሷ እኔን አመነችኝ፤ እኔ ግን ሽንኩርቱን አላመንኩም።

ወጥቼ ደፉ ላይ ተቀመጥኩና አሰብኩ። ከየትኛው ደረጃ ነው የወደቀችው? ቤታችን ውስጥ ሰው ወድቆ የሚጎዳበት ከፍታ ቢኖር የአባዬ የሥራ ጠረጴዛ ብቻ ነው። እማዬ የምትዋሽ ከሆነ የምትዋሸው ለሆነ ነገር ነው። «እሱ» የሚባል ሰው ደግሞ እኛ ቤት አንድ ብቻ ነው ያለው።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። አመሻሹ ላይ እጅጌዋን ሰብስባ ሰሃን ስታጥብ ከግራ ክርኗ በላይ አራት ወይን ጠጅ ምልክቶች በተርታ አየሁ። ከክንዷ በሌላው በኩል ደግሞ አምስተኛው አለ፣ ወፈር ያለው። የራሴን ክንድ በቀኝ እጄ ጨብጬ ጣቶቼ የሚያርፉበትን ቦታ ተመለከትኩ፤ ልክ እንደዚያው ነው። እንዳየሁባት ስታውቅ እጅጌዋን መለሰችው። ረቡዕ ጠዋት ክንዷ ላይ ምንም አልነበረም። በቀጣዩ ማክሰኞ ምልክቱ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ መጣ።

ዛሬ ሐኪም ነኝ። የበለዘ ቆዳ እንዴት እንደሚድን አውቃለሁ፤ ወይን ጠጁ ወደ አረንጓዴ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ጊዜ ይወስዳል፤ ጠርዙም እየደበዘዘ ይሰፋል። የእማዬ ምልክት አንድም ቀን ቢጫ ሆኖ አያውቅም። ይህን ያኔም አይቻለሁ። የደረስኩበት ድምዳሜ ግን ሌላ ነበር፤ አባዬ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚይዛት፤ እሷም ምልክቱን በአንድ ሌሊት የሚያጠፋ ቅባት አላት።

ከዚያ ወዲያ የአባዬን እጅ መከታተል ጀመርኩ። ሰፊ፣ ሻካራ፣ ሚስማር በሁለት ምት የሚያገባ እጅ ነው። ዳቦ ሲቆርስ አየዋለሁ። በር ቀስ አድርጎ ነው የሚዘጋው፤ በር ቀስ አድርጎ የሚዘጋ ሰው የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው ብዬ አሰብኩ። ማክሰኞ ማታ ራት ላይ «ዛሬስ ስንቱ ገባው?» ብሎ ይጠይቃታል። «ሁለት» ትላለች፤ «ያ ረጅሙ ልጅ ዛሬም አልገባውም።» ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ረጅሙ ልጅ ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳልገባው አላውቅም። አባዬ እማዬን እየመታ ስለ ሌላ ሰው አብረው ማዘናቸው ግን ይበልጥ አጠራጠረኝ።

ቀበቶውን ሰርቄ ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ ደበቅኩት። ሲፈልግ ቆይቶ ሱሪውን በሲባጎ አስሮ ሥራ ሄደ። «ተው እንጂ፣ ጆንያ አስመሰልከው እኮ» አለችው እማዬ። «ጆንያ ከሆንኩ እንዳትገለብጪኝ፣ እደፋለሁ» አላት። ሳቀች። የምትስቀው ፈርታው ነው ብዬ ደመደምኩ።

የእማዬ ታላቅ ወንድም ከሚስቱ ጋር እሑድ እሑድ ይመጣል። የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ እማዬም አባዬም ጋሼ ይሉታል። ዘመድ ሲጣላ የሚጠራው እሱ ስለሆነ ከኋላው «ዳኛው» ነው ስሙ። ሲናገር ጣቱን እያነሳ ይቆጥራል፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ሚስቱን እትዬ እላታለሁ። የሚኖሩት ፎቅ ላይ ነው፣ ሦስተኛው ላይ፤ ሊፍት የለውም። እትዬ ዝምተኛ ናት፤ ሻርፕ አታወልቅም። አንድ እሑድ አጠገቤ ተቀምጣ ሻርፑ ሲንሸራተት ከመንጋጋዋ ሥር ቢጫና አረንጓዴ የሆነ ነገር አየሁ።

«እትዬ፣ አንገትሽ ላይ እርድ አለ» አልኳት።

ሻርፑን መለሰችው። አጎቴ ሳቀ፤ «ምን ታደርጊያታለሽ፣ ቅመም ውስጥ ነው የምትውለው» አለ። እኔም የሥራ ልብስና የክት ልብስ የማትለይ ሴት ናት ብዬ ታዘብኳት። ቢጫ የሆነውን ምልክት ያየሁት እዚያ ነው። ከእማዬ ክንድ ላይ ዓይኔን ስላልነቀልኩ ከቁም ነገር አልጣፍኩትም።

አጎቴን ግቢ ውስጥ ለብቻው አግኝቼ አባዬ እማዬን እንደሚመታት የነገርኩት የዚያኑ ዕለት ነው። ከሱ ሌላ ማን ይነገራል? እንደ ዳኛ ጠየቀኝ። የት ቦታ ላይ? በየትኛው ቀን? ሲመታት አይቻለሁ ወይስ ምልክቱን ብቻ? ማክሰኞ ማክሰኞ መሆኑን ነገርኩት። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ዓይኔን አየኝ።

«ለሌላ ሰው ተናግረሻል?»

«አልተናገርኩም።»

«ለአስተማሪሽስ?»

«አልተናገርኩም።»

«ጎበዝ። እንዲህ ያለ ነገር ከቤት አይወጣም» ብሎ ራሴን ዳበሰኝ። ስለተመሰገንኩ ደስ አለኝ። ይህን አንድ ጥያቄ ለምን ሁለት ጊዜ እንደጠየቀኝ ያሰብኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

በቀጣዩ ማክሰኞ አጎቴና እትዬ ሳይጠሩ መጡ። እማዬ ከኮሌጅ ገና መግባቷ ነው፤ ነጠላ ጫማዋን እንኳ አላደረገችም። አጎቴ በእኛ ቤት እኛኑ «ተቀመጡ» አለን። እትዬ በሩ አጠገብ ቆማ ቀረች።

«አንተ ሰውዬ» አለው አባዬን፣ «አንደኛ፣ እህቴ ሜዳ ላይ የወደቀች አይደለችም። ሁለተኛ፣ ወንድም አላት። ሦስተኛ፣ እጅህን ሰብስብ።»

አባዬ እጁን አየ። ከዚያ እማዬን አየ። ምንም አልተናገረም። እኔ ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠርኩት። ለካ ዝም ያለው ፈቃዷን እየጠበቀ ኖሯል።

«ጋሼ፣ ምን ሰምተው ነው?» አለ በመጨረሻ።

አጎቴ የእማዬን እጅጌ ይዞ ወደ ላይ ሳበው። አምስቱም ምልክቶች እዚያው ናቸው። «ይሄ ምንድን ነው?»

እማዬ መጀመሪያ ክንዷን፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አፏን ይዛ ሳቀች። ወደ ኩሽና ገብታ ነጭ ጨርቅ ዘይት አስነክታ ተመለሰችና ፊታችን ክንዷን ጠረገችው። ወይን ጠጁ ሁሉ ጨርቁ ላይ ቀረ። ክንዷ ንጹሕ ነበር።

ቀለም ነው። ሥራዋን እየሳቀች ነገረችን። ኮሌጁ ሐኪም የሚሆኑ ተማሪዎችን ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ ከበሽተኛ አጠገብ ከመቆማቸው በፊት የበሽተኛን ታሪክ መስማት ይለማመዳሉ። እማዬ በሽተኛዋ ናት። ክፍሉ ውስጥ ትቀመጣለች፤ እነሱ አንድ በአንድ እየገቡ ምን እንደሆነች ይጠይቋታል። ታሪኩ ከፈተና በፊት እንዳይወጣ ለማንም ላለመናገር ፈርማለች፤ የነገረችው ለአባዬ ብቻ ነው። ሰኞ ሰኞ ኩሽና ውስጥ ትለማመዳለች። ባልየው ሆኖ አጠገቧ የሚቆመው የኮሌጁ በር ጠባቂ ነው።

«ለውሸት ደመወዝ ይከፍሉሻል በዪኛ» አለ አጎቴ። እየሳቀ ነው።

«እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው» አለ አባዬ፤ «እዚህ በነፃ ባል ሆኜ እሠራለሁ፣ እዚያ በደመወዝ ሌላ ሰው ቀጠሩ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ከማፈሬ የተነሳ ጠረጴዛው ሥር ለመግባት ምንም አልቀረኝም። ያልሳቀችው እትዬ ብቻ ነበረች።

እማዬ ግን አላቆመችም። በሽተኛዋ ሁለት ታሪክ እንዳላት ነገረችን፤ የመጀመሪያውን፣ የደረጃውን፣ ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች፤ ሁለተኛውን በአግባቡ ለጠየቃት ብቻ። ብዙዎቹ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ጽፈው ይወጣሉ።

«ባሏ አጠገቧ ቆሞ ቢጠይቋትስ?» አለች እትዬ። ድምጿን ስሰማ ደነገጥኩ፤ እዚያ መኖሯንም ረስቼ ነበር።

«ትንፍሽ አትልም» አለች እማዬ። «ተማሪው ነው ምክንያት ፈጥሮ ማስወጣት ያለበት።»

«ከወጣ በኋላ የተናገረችው... ተመልሶ ባሏ ጆሮ አይገባም?»

«አይገባም። መጀመሪያ የሚማሩት እሱን ነው።»

አጎቴ የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ ተነሳ። «ሥራ አለብኝ፤ ነይ» አላት። እትዬ ወጣች። በመስኮት ስመለከት እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ይሄዱ ነበር።

አባዬን ነፃ ለማውጣት ጨርቁ ይበቃ ነበር። እማዬ ግን የፈረመችበትን አፍርሳ ታሪኩን ከነዝርዝሩ ተናገረች። ስትናገር የምታየው ወንድሟን አልነበረም። እኔ ግን ያኔ ያየሁት ሌላ ነገር ነው፤ እትዬ ስለ ሥራው ዝርዝር ጥያቄ ጠየቀች። ቀበቶውን ለአባዬ መለስኩለትና ጥርጣሬዬን ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ አዞርኩት።

ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ በኋላ እትዬ አጎቴ ሥራ ላይ ሲሆን ብቻዋን መምጣት ጀመረች። ስገባ ወሬ ያቆማሉ። አንድ ቀን በመስኮቱ ሥር ተቀምጬ አዳመጥኳቸው። እማዬ የሐኪሙን ቦታ ይዛ ነበር።

«ምን ገጠመሽ?»

«ደረጃ ላይ ወድቄ ነው።»

«ባለቤትሽ ወጥቷል። በሩ ተዘግቷል። ከእኔ በቀር የሚሰማሽ የለም። ምን ገጠመሽ?»

«ደረጃ ላይ...»

«እሺ። እንደገና።»

ልትነጥቃት ነው፤ የእማዬን ሥራ። ሞኟ እናቴ ደግሞ በገዛ እጇ ታስተምራታለች። የተጽናናሁት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እትዬ ምንም ችሎታ አልነበራትም። የቀራት አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት፤ እኔ እንኳ በር ላይ ቆሜ በአንዴ በቃሌ የያዝኳት። እሷ ግን ሁልጊዜ እዚያው ደረጃው ላይ ትቀራለች። ይቺን ማንም አይቀጥራትም አልኩ በልቤ።

ዝናቡ ባቆመ ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እትዬ አልጋዬ ላይ ተኝታ አገኘኋት። ሻንጣ የለም፤ የያዘችው የእጅ ቦርሳዋን ብቻ ነው። ግራ እጇ ከጣቶቿ እስከ ክርኗ በላይ በጄሶ ተጠቅልሏል። ጉንጯ ላይ ትልቅ ወይን ጠጅ ምልክት አለ። እማዬ ለጊዜው እኛ ጋ እንደምትቆይና አልጋዬን እንደምለቅላት ነገረችኝ።

ገባኝ። ቀጠሯት ማለት ነው። ደግሞ ከእማዬ የበለጠ ነገር ሰጥተዋታል፤ ጄሶ። እማዬ ኩሽና ስትገባ ጠጋ ብዬ ጄሶውን በጣቴ ቆረቆርኩት፤ እንደ እውነተኛ ይጮሃል። ከዚያ ጨርቅ በዘይት ነክሬ መጣሁና ጉንጯን ቀስ አድርጌ ጠረግኩት። እትዬ ዓይኗን ገለጠች። አልተቆጣችም፤ አልተንቀሳቀሰችም። ጨርቁን አየሁት። ነጭ ነው።

የተሻለ ቀለም ሰጥተዋታል ብዬ አሰብኩ።

አመሻሹ ላይ አጎቴ መጣ። አባዬ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ቆመ፤ እንደወትሮው ግን ገለል አላለም። አጎቴ ሚስቱን እንዲጠራለት ነገረው፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ መቁጠር ጀመረ። አባዬ ግራና ቀኝ የበሩን መቃን ይዞ ሁሉንም ሰማ።

«ጋሼ፣ ዛሬ አይገቡም» አለው።

«የገዛ ሚስቴን?»

«ነገም አይገቡም።»

ድምፁ ከፍ አላለም። አጎቴ ለአፍታ የአባዬን እጆች አየ። ከዚያ ዞሮ ሄደ፤ እስከ ግቢው በር ድረስ ያወራ ነበር። አባዬ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሆስፒታል ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔም በተራዬ ተማሪ ሆኜ፣ ካስተማሩኝ ሐኪሞች ከአንዱ ነው። ረጅም ሰው ነው። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲያውቅ ፊቱን በእጁ ሸፈነና ሳቀ። እናቴ የተቀመጠችበት ክፍል ሁለት ጊዜ ገብቶ ሁለቴም የደረጃውን ታሪክ ብቻ ይዞ የወጣው እሱ ነበር።

እትዬ እኛ ቤት በመጣችበት ቀን ድንገተኛ ክፍል ተመድቦ ሲሠራ አንዲት ሴት እጇን አቅፋ ገባች። የሚናገረው ባሏ ነው። ደረጃ ላይ ወድቃ ነው አለ። ሴትዮዋም ደረጃ ላይ ወድቄ ነው አለች፤ በዚያው በሚያውቀው ቀጭን ድምፅ። ልጁ በላብ ተጠመቀ። ፈተና መሰለው! ኮሌጁ ሳያሳውቅ አዲስ አስመሳይ ልኮ፣ መምህሩ መጋረጃው ኋላ ቆሞ ውጤት የሚይዝ መሰለው። ሦስተኛ ጊዜ መውደቅ ደግሞ አይችልም። ስለዚህ የተማረውን ሁሉ በቅደም ተከተል አደረገ። ባልየውን ካርድ ክፍል ሄደው ያስመዝግቡ ብሎ ላከው። መጋረጃውን ዘጋ። ወንበሩን ዝቅ አድርጎ ተቀመጠ። የምትነግረው ለባሏ እንደማይደርስ ነገራት፤ ጠየቃት፤ መልሳ ደረጃ ስትለው አልጻፈም፤ ዝም ብሎ ጠበቀ።

በመሐል ስለተጠራጠረ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ጉንጯን ጠረገው። «ቀለሙን ላየው ነበር» አለኝ። ጥጡን አገላብጦ አየው፤ ነጭ ነው። ቀና ሲል ሴትዮዋ ጥጡን እያየች ነበር።

«እሱ ነው» አለችው።

መጋረጃውን ገልጦ ከኋላው መምህሩን ፈለገ፤ ማንም አልነበረም። ያኔ ነው እውነቱ የገባው። ለሚመለከተው ሰው ነገረ፤ እትዬም እጇ በጄሶ ከታሰረ በኋላ በሌላ በር ወጥታ እኛ ቤት መጣች። ልጁ እንደ እኔው በመጠርጠር ጀምሮ እኔ ካቆምኩበት አንድ እርምጃ አለፈ፤ እኔ ነጭ ጨርቅ ይዤ ኩሽና ተመለስኩ፤ እሱ ጥጡን ጥሎ አዳመጣት።

ኮሌጁ በሚቀጥለው ዓመት ለእማዬ የሳል ታሪክ ሰጣት፤ ሰኞ ሰኞ ኩሽና ውስጥ ስትስል ማንም አይደነግጥም። ስለ ደረጃው አንድ ጊዜ ጠየቅኳት፣ ሐኪም ከሆንኩ በኋላ። ከኮሌጁ የተሰጣት ታሪክ ላይ ሴትዮዋ የወደቀችው መታጠቢያ ቤት እንደነበር ነገረችኝ። ደረጃ ይሁንልኝ ብላ ያስቀየረችው እሷ ናት።

«ለምን ደረጃ?» አልኳት።

«ያን ሰሞን እትዬሽ ለሦስተኛ ጊዜ ወድቃ ነበር» አለችኝ። «እኔም አንድ ሰው እስኪጠረጥር ድረስ ደጋግሜ ልንገራቸው ብዬ ነው።»

እትዬ አሁን ምድር ቤት ትኖራለች፤ እዚያም አባዬ ደፉን በሳንቃ ለብጦላታል። ባለፈው ወር ግራ እጇን ልየው ብያት ክሊኒኬ መጣች። ራጁ ላይ ጄሶ ከታሰረለት ስብራት በታች፣ ማንም ሳያስተካክለው ተጣሞ የገጠመ ሌላ፣ የቆየ ስብራት ይታያል። ሁለቱንም እጆቿን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግቼ ከክርኗ እስከ አንጓዋ በሜትር ለካሁ፤ ለማረጋገጥ ደግሜ ለካሁ። ግራው ከቀኙ በአንድ ነጥብ አራት ሴንቲ ሜትር ያጥራል።